የማናህሎት ገብስና የሚካኤል ዋዜማ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ ምነው ድምፃችሁ? ብርዱ ምላሳችሁን ያዘው እንዴ? ጋቢያችሁን ከአፋችሁ አውርዱና ደግማችሁ መልሱልኝ። ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን፣ ከገደል አፋፍ ላይ ባለ ደጋ አገር፣ አያ ማናህሎት የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ውድነሽ ትባላለች። ልጆች አሏቸው። አንዲት የገብስ ማሳም አለቻቸው። የዓመት ቀለባቸው እሷው ብቻ ናት። ይቺ ሴት ከዚህ ሰውዬ ጋር ያየችውን አበሳ ሳወራ እኔን ራሴን ያንገበግበኛል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ብርዱ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ጅብራ የሚሉት የደጋ ተክል ፀሐይ ሳትጠልቅ ቅጠሉን ሰበሰበ። ፍልፈሉ ጉድጓዱን በአፈር ወተፈ። የቀይ ቀበሮ ጠጉር ወፈረ። ዋልያውም ከተራራው ጫፍ ወርዶ የገደሉን ጥግ ያዘ። አውሬው ሁሉ ውርጭ እንደሚመጣ አውቋል። ውርጭ ደግሞ የደረሰ ገብስ ማሳ ላይ ካገኘ አይምርም፤ ዛላውን ያረግፈዋል።

፦ አንተ ሰው፣ ገብሱ ደርሷል። ማጭድህን አንሣ፣ አለችው ውድነሽ።
፦ ዛሬማ መድኃኔዓለም ነው።
በማግስቱም ጠየቀችው።
፦ የባለወልድ ዋዜማ ነው። ለበዓሉ ሰውነቴን ላሳርፍ እንጂ።
ባለወልድ አለፈና ደግማ ጠየቀችው።
፦ ማግስቱ አይደለም እንዴ? ከበዓል የወጣ ሰው ወዲያው ለአጨዳ ያጎነብሳል?

ከዚያም ልደታ ገባች። ከዚያም አቦ። ከዚያም ሥላሴ። ዋዜማ፣ በዓል፣ ማግስት። ዋዜማ፣ በዓል፣ ማግስት። ጎረቤቱ ሁሉ በመሀል በመሀሉ እያጨደ ከምሮ ጨረሰ። የንስሐ አባቱ እንኳ መከሩት።
፦ ማናህሎት፣ በዓሉ የታዘዘ ነው። ዋዜማውንና ማግስቱን የጨመርከው ግን አንተ ነህ።
አልሰማም። ጠላ ወዳለበት ማኅበር ሲሆን ግን እግሩ ፈጣን ነበር። ውድነሽ እኔ ደቦ ልጥራ ብትለው፣ ባል እያለ ሴት ደቦ አትጠራም ብሎ ከለከላት።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ደረሰ። ነፋሱ ጸጥ አለ። ሰማዩ ጠራ። ይሄ የውርጭ ምልክት ነው። ማናህሎት ጠላውን ሊቀምስ ወደ ጎረቤት ሄደ። ውድነሽ መረራት። ወደ አፋፉ ወጣችና ደረተ ቀዩን ሽማግሌ ጭላዳ ዝንጀሮ ጠራችው።
፦ አያ ጭላዳ፣ ዛሬ በዓል አለባችሁ?
፦ እኛ ምን በዓል አለን እሜቴ? ያለን ሆድ ነው።
፦ እንግዲያው ደቦ ውጡልኝ። ነዶው የእኔ፣ ቃርሚያው የእናንተ።
፦ ሰው ከድንጋይ ሌላ የሰጠን ዛሬ ገና ነው፣ አለና መንጋውን ጠራ።

የጭላዳ እጅ መቼም ለሣር የተፈጠረ ነው። በቀኝም በግራም ይነቅላል። እሷ ነዶውን ታስራለች፣ ልጆቿ ይሸከማሉ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ የማሳው እኩሌታ ደጅ ላይ ተከመረ። ይሄኔ ማናህሎት ሞቅ ብሎት መጣ።
፦ አንቺ ሴት፣ ከጭላዳ ጋር ደቦ? ያውም በሚካኤል ዋዜማ? አገር ምን ይለኛል?
ወንጭፉን አነሣና ድንጋይ ያዘንብባቸው ጀመር። ጭላዶቹም ወደ ገደላቸው ሸሹ።
፦ የቀረውንስ ማን ያጭደዋል? አለችው።
፦ የሚካኤል ማግስት ይለፍና እኔው አጭደዋለሁ።

ምን ትሉታላችሁ ይሄን ሰው? እኔስ ቃል አጠረኝ።

ሌሊቱን ውርጩ ወረደ። ሲነጋ የቀረው ገብስ ነጥቶ ተገኘ። ዛላው እየተቀነጠሰ መሬት ለመሬት ረገፈ። ማናህሎት ማሳው ዳር ቆሞ አለቀሰ። ውድነሽ አላለቀሰችም። እሷ እንባዋን ቀድማ ጨርሳለች።

ገናም ጥምቀትም አለፈና ገብሱ እየመነመነ መጣ። ለልጆቹ ይበቃል፣ ለሁሉም ግን አይበቃም።
፦ ውድነሽ፣ ቆሎ የለም ወይ? አላት አንድ ማክሰኞ።
፦ የረቡዕ ጾም ዋዜማ ነው። ለጾሙ ሆድህን አሳርፍ እንጂ።
ረቡዕ ጠየቃት።
፦ ጾም ነው።
ሐሙስ ጠየቃት።
፦ ማግስቱ አይደለም እንዴ? ከጾም የወጣ ሰው ወዲያው ይጎርሳል?
ዓርብም ጾም ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ የዓርብ ማግስት። ከልጆቹ እኩል የሚጎርሰው እሑድና ሰኞ ብቻ ሆነ። ከዚያም ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ከሰሳት።
፦ ዋዜማና ማግስትን ማን ጀመረው ልጄ? አሉና በር ድረስ ሸኙት።

በዓመቱ ጅብራው ቅጠሉን ሲሰበስብ፣ ማናህሎት ማጭዱን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። ሽማግሌው ጭላዳም አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቃርሚያውን ይጠብቃል። አንድ መንገደኛ አየውና ገረመው።
፦ አያ ማናህሎት፣ ዛሬ እኮ የባለወልድ ዋዜማ ነው።
ማናህሎት ቀና እንኳ አላለም።
፦ ባለወልድ መሐሪ ነው። ውድነሽ ግን አትምረኝም።

እኔም ተረቴን አጭጄ ከመርኩ። በሉ አሁን አፌን በዳቦ አብሱልኝ። ዛሬ ዋዜማ ነው የሚለኝ ካለ ግን፣ ነገ ተረት ፍለጋ እዚህ ደጅ እንዳላየው።