ጎንበስ የማይሉት የፊታውራሪ ገምባሌ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ድሮ ፊታውራሪ ድንበሩ የሚባሉ ኩሩ ሰው ነበሩ። ኩራታቸውስ ለጉድ ነው፤ እሳቸው ብቅ ሲሉ አሮጊት እንኳ ብድግ ካላለች ይቆጣሉ።

ታዲያ ለጉግስ ጨዋታ እግርን ከቁርጭምጭሚት እስከ ጭን የሚሸፍን የቆዳ ገምባሌ አማራቸውና ቆዳ ሰፊውን አስጠሩት። ይኼ ሰው ደግሞ ምላሱ ከወስፌው ይብሳል።

"ጌታዬ፣ ማሰሪያው በጠፍር ይሁን፣ በቁልፍ ወይስ በዘለበት?" አላቸው።

"በፈለግከው። ብቻ እኔ ለማንም ጎንበስ ብዬ አላውቅም፣ ለገምባሌም አልልም። የሌላ ሰው እጅም እግሬን አይነካም። በገዛ እጄ፣ ጎንበስ ሳልል የማስረው አድርገህ ስፋ። ካቃተህ ከነቆዳህ ካገሬ ውጣ።"

ሰውዬው ጨነቀው። ጎጆው እዚያ፣ ልጆቹ እዚያ፣ ወዴት ይሂድ? ጠፍሩን ቢያገላብጥ፣ ዘለበቱን ቢያገላብጥ፣ እግር ያው ታች ነው። በኋላ ማንም ሰው የሚያስረውን ዓይነት ተራ ገምባሌ ሰፍቶ ይዞ መጣ።

ፊታውራሪ አፈጠጡበት። "ይኼንን ጎንበስ ሳልል እንዴት ላስረው ነው?"

ቆዳ ሰፊው እጅ ነሳ። "ምንጣፉ ላይ በጀርባዎ ይንጋለሉ ጌታዬ። አገር ምድሩ ለእርስዎ ብድግ ሲል እግርዎ ብቻ ምን ቆርጦት ታች ይቀራል? እሱም ብድግ ይበልና እጅዎ ድረስ ይምጣ።"

አጠገባቸው የተቀመጡት ባለቤታቸው ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ፊታውራሪም እንደ ሕፃን ተንጋለው እግራቸውን ሲያወናጭፉ ታያቸው መሰለኝ፣ እግራቸውን ወደ ቆዳ ሰፊው ዘረጉ።

"በል ዝም በልና ና እሰርልኝ" አሉት።