የዕርቁ ዕለት ጠላ

በእኛ ቀዬ ሰው አቅሙን ትቶ ብዛት ሲያሳድድ የምንላት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ለቀልድ እናነሣታለን እንጂ፣ ያመጣት ጠላ ደም ሊያፋስስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ይታክቱ የምትባል ሴት ነበረች። ወንድሟ ሙጨ በድንበር ጠብ የአቶ አንዳርጌን ልጅ ገድሎ ሸፍቶ ኖረ። ሽማግሌዎች ለፍተው ለፍተው በመጨረሻ የዕርቁ ቀን ተቆረጠ። የቀረው የሟች ወገን ከገዳይ ቤት ገብቶ እህል ውሃ መቅመሱ ነው። ከቀመሱ ደሙ ደረቀ፤ ካልቀመሱ ጠመንጃው እንደገና ይነሣል።

ድግሱ እናት አባት በሌላት በይታክቱ ላይ ወደቀ። ያላት ብቅል ለአንዲት እንስራ ጠላ ይበቃ ነበር። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። «መሐል ላይ ቢያልቅብኝስ? ሰስታ ነው ቢሉኝስ?» ስትል ስትል ከሰው ቤት ትልቅ ጋን ተውሳ በእሱ ጠነሰሰች።

ጎረቤቷ እማማ ደብሬ ጎንበስ ብለው ድፍድፉን አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ የጋኑን ቂጥ እንኳ አልሸፈነም። በእንስራ ብታደርጊው ምን አለ?»

«እንግዳው ብዙ ነው፣ እማማ!»

«ቢበዛስ? ጥቂት ጥቂት ቢደርሰው ማን ይቆጣል?»

አልሰማቻቸውም። አፉ ድረስ እስኪሞላ ውሃ ገለበጠችበት።

የዕርቁ ቀን ሲቃረብ ከፍታ ቀመሰችው። ብቅል ብቅል የሚሸት ውሃ! ደንግጣ ጌሾ ጨመረችበት፤ መረረ እንጂ አልጠነከረም። ሌላ እንዳትጠነስስ ብቅሉም ጊዜውም አልቋል።

የሟች ወገኖች ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው፤ ዱላቸውን ከእጃቸው አላወጡም። ይታክቱ ለአቶ አንዳርጌ ቀዳችላቸው። አንድ ጊዜ ተጎነጩና ዋንጫውን አስቀመጡት።

«የልጄ ደም ውሃ ነው ማለታችሁ ነው?»

ወንዶቹ ብድግ አሉ። ይታክቱ አቶ አንዳርጌ እግር ላይ ወደቀች።

«አባቴ፣ ስለ እግዜር! ንቄ አይደለም። እንዳይጎድልባችሁ ፈርቼ ያለችኝን ብቅል በውሃ አሰጠምኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወንድሜን አትንኩብኝ!»

ከጥግ ተቀምጠው የነበሩት የሟች እናት፣ ወይዘሮ እናኑ፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ባላቸው ያስቀመጡትን ዋንጫ አነሡ።

«አንድ ልጅ ቀብሬአለሁ» አሉ። «በጠላ ሰበብ ሌላ አልቀብርም።»

ፊታቸውን አጨማደው ጨለጡት። አቶ አንዳርጌ ሚስታቸውን ቆመው ሲያዩ ቆዩና ቁጭ አሉ፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዋናው ሽማግሌ አለቃ ድንቁ የግንባራቸውን ላብ ጠርገው ይታክቱን ከመሬት አነሡአትና፣ «በይ ልጄ፣ ከእንግዲህስ እወቂ» አሏት፤ «ውሃ ጋን ቢሞላ፣ አይሆንም ጠላ።»