ቦራ መልስ

ከጨጎሬ ወንዝ ማዶ፣ ዳገቱ አልቆ እርሻው የሚጀምርበትን ጠፍጣፋ ቦታ የአገሩ ሰው «ቦራ መልስ» ይለዋል። እዚያ አገር የፈለገውን ያህል ትልቅ ሹም ቢሆን፣ የእርሻ በሬ ከቀንበር ጓደኛው ነጥሎ መንዳት ነውር ነው፤ እርግማንም አለበት ይላሉ። ለምን ቢሏቸው ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ስለ ጓንጉል ማውራት ይጀምራሉ።

እንደሚነገረው፣ ጓንጉል አንድ በሬ ብቻ የነበረው ድኻ ገበሬ ነበር፤ ጎረቤቱ ክንፉም እንዲሁ። የጓንጉል በሬ ዳልቻ፣ የክንፉ ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይባል ነበር። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለቱ ጎረቤታሞች እንደ አገሩ ልማድ በሬዎቻቸውን አቀናጅተው፣ ዛሬ ለአንዱ ነገ ለሌላው እያረሱ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት በሰኔ፣ ሰው ሁሉ ለእርሻ ሲጣደፍ፣ ንጉሡ ከነሠራዊቱ መጥቶ ሜዳው ላይ ሰፈረ። ስሙን ሽማግሌዎቹ አይጠሩም፤ «ንጉሥ ነው፣ ይበቃል» ይላሉ። ለሠራዊቱ ቀለብ በግም ሆነ በሬ ከየቤቱ አንድ አንድ ይውጣ ተብሎ ታወጀ። ከጓንጉል ቤት በግ ተወሰደ፤ ክንፉ ግን በግ ስላልነበረው ቦራን ጎትተው ወሰዱበት።

ክንፉ ቤቱ ገብቶ ኩርምት አለ። ጓንጉል ግን ሰማዩን አየ፣ እርሻውን አየ፣ ዳልቻን አየ፤ የተነዳው የሁለት ቤት ልጆች የከርሞ እንጀራ መሆኑ ገባው። በማግስቱ ጠዋት ዳልቻ ላይ ቀንበሩን ጭኖ፣ ሞፈሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ሊወጣ ሲል ሚስቱ የውብዳር በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ሰው፣ አብደሃል? የቀረንን አንዱንም ልታስበላው ነው?»

እሱ ግን በጎኗ አልፎ ዳልቻን ወደ ንጉሡ ሰፈር ነዳ።

ዳልቻ የቀንበሩን አንድ ወገን ተሸክሞ፣ ሌላው ጫፍ መሬት እየጫረ በድንኳኖቹ መካከል ሲያልፍ ወታደሩ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁን ሰምቶ ንጉሡም ወጣ። ጓንጉል መሬት ስሞ፣ «ጃንሆይ፣ ትናንት ግማሹን ወስደው ግማሹን ረስተውብኛል፤ ይኸው አመጣሁልዎ። ሥጋው ለሠራዊቱ፣ ቀንበርና ሞፈሩ ለማገዶ ይሁን» አለ ይባላል።

ንጉሡ ፊቱን አኮሳተረና «እንግዲያው ተቀበሉት» አለ። አራጁ ገመዱን ሲይዝ ጓንጉልን የሚስቱ ቃል ጆሮው ላይ ጮኸበት። ያኔ ንጉሡ ቀንበሩን መለስ ብሎ አየና፣ «ቆይ እስቲ፣ ይኼን ሰጥተህ በምን ልታርስ ነው?» ሲል ጠየቀው።

«እኔማ ማረስ ያቆምኩት ትናንት ነው፣ ጃንሆይ» አለ ጓንጉል። «አዋጁ ካንድ ቤት አንድ ነበር። ከክንፉ ቤት አንድ ሲወጣ ግን ሁለት ቤት ተዘጋ።»

ንጉሡ አፈረ የሚሉ አሉ፤ የንጉሥን እፍረት ማን አይቶ! ብቻ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ፣ «ሁለቱንም በሬዎች መልሱለት። ከእንግዲህ ጥማድ የሚነጥል እጅ፣ የእኔም ቢሆን፣ የሌባ እጅ ነው» ብሎ አሳወጀ።

ጓንጉል ምስጋናውን እንኳ ሳይጨርስ ወደ መታረጃው ሮጠ። ሁለት ወይፈኖች ታርደዋል፤ ሦስተኛው ተረኛ ቦራ ነበር፣ ገና ቆሞ! ነጩን ግንባሩን እየሳመ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሁለቱን በሬዎች ጎን ለጎን እየነዳ ዳገቱን ጨርሶ ብቅ ሲል የውብዳር እልልታዋን አቀለጠችው፤ ክንፉም ነጠላውን ጥሎ እየሮጠ ከጠፍጣፋው ቦታ ላይ ተቀበለው። የቦታው ስምም ከዚያን ቀን ወዲህ ወጣለት ይባላል።

ዛሬ የሁለቱም ዘሮች የየራሳቸው ጥማድ በሬ አላቸው፤ አንደኛው ቤት እንዲያውም ሦስት ጥማድ አለው። ይሁን እንጂ በሰኔ የመጀመሪያውን ትልም ማንም በራሱ ጥማድ አያወጣም፤ ከየቤቱ አንድ አንድ በሬ አምጥተው፣ አቀናጅተው ያርሳሉ። ምን ቸገራችሁ ያላቸው እንግዳ ካለ፣ «ሊነዳ የመጣ ሰው ቢኖር፣ ግማሹ የጎረቤቴ ነው እንድንለው» ብለው ይስቃሉ።