የአባቱን ባልጩት የሰበረው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ጥያቄህን ያዝና ስማኝ፣ ወዳጄ ይርሳው፤ ብረት ገና ሳይታወቅ፣ ሰው በድንጋይ ስለት በሚያድንበት ዘመን ነው። ባልጩት ሲጠርብ ይሄን ሰው የሚያህለው አልነበረም። የሱ የጦር ጫፍ እንደ መዳፍ ትሰፋለች፤ ጎሽ ጎን ከገባች አትወጣም። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ግን አባቱ የተወለትን አንዷን ትልቅ ጥቁር ባልጩት ነው። አያድንባትም፤ ሞራ እየቀባ ያስቀምጣታል። ሚስቱ «እኔን እንኳ እንዲህ ቀብተኸኝ አታውቅም» ትለዋለች።

ኋላ ቀስት የሚባል ነገር ከማዶ መጣ። ሰውዬው «ጫፍ ያው ጫፍ ነው» ብሎ ትልቁን የጦር ጫፍ ፍላጻ ላይ አስሮ ለቀቀ። ፍላጻዋ እፊቱ በአፍንጫዋ ተደፋች።

«ምነው አማቼ፣ መሬቱን ነው እንዴ የምታድነው?» አለ የሚስቱ ወንድም። አገሩ ሁሉ ሳቀ።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞልቶ ባልጩት የሚያወጣበት ተራራ ማዶ ቀረ። አውሬው ጦር የማይደርስበት ሜዳ ላይ ይግጣል። ቤት ውስጥ የሚበላ ጠፋ፤ ልጆቹ ማልቀሱንም ተዉት። ፍላጻ የምትሸከማት ቀላል ጫፍ ሊያወጣ ቢያስብ፣ የቀረችው ባልጩት ያቺው የአባቱ ነበረች።

አወጣት። አገላበጣት። «አባቴ፣ ይቅር በለኝ» አለና አባቱ እንዳሳየው፣ በስሱ፣ ከጠርዟ ገባ ብሎ መታት።

ከውስጧ እንደ ጥፍር ትንሽ ስንጥር ወጣች። ወደ ፀሐይ ቢይዛት ብርሃን አለፈባት። ስለቷ የት ጋ እንደሚያልቅ በዓይኑ ፈልጎ አጣው። በጣቱ ሲነካት ደሙ ቀድሞ መጣ፣ ሕመሙ ኋላ።

«ይሄ ሁሉ አንቺ ውስጥ ነበር?» አላት።

በሙጫ ፍላጻ ላይ አጣብቋት ወጣ። ሜዳው ላይ የሚግጠው አጋዘን ሩቅ ነው። ቀስቱ ሲጮህ ሰማ እንጂ ፍላጻዋ ስትሄድ አላያትም። አጋዘኑ ቀና አለ፣ ጥቂት ተራመደ፣ ተንበረከከ። ሰውዬው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቆመ፤ መሮጡንም ረሳው።

አየህ ይርሳው? «የታፔላ ማተሚያ ማሽን መጣ፤ አባቴ ያወረሰኝን የእጅ ጽሕፈት ልጣለው ወይ?» ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። ብሩሽህ ያቺ ትልቋ ባልጩት ናት። ሰውዬው የአባቱን ድንጋይ ሰበረ፤ የሰበራት ግን አባቱ ባስተማረው ምት ነው። ሌላ ምት ቢመታት ኖሮ ዱቄት ትሆን ነበር። ፊደል የት ወፍሮ የት እንደሚቀጥን አባትህ ያሳዩህ ሁሉ ዓይንህ ውስጥ አለ፤ እሱን ይዘህ ወደ ማሽኑ ሂድ። ብሩሹን አስቀምጠው፣ ግዴለም። ሞራ ግን አትቀባው፤ ሚስትህ ትቀየማለች።