የሲስተር ዘርትሁን አንድ ገጽ ደብዳቤ

ተረት ልንገራችሁ። ጅብም ጦጣም የለበትም፤ ያለው ቢሮ ብቻ ነው። ካላመናችሁኝ ሂዱና አንድ ቀን ተሰለፉ።

በቀጨሞ ጤና ጣቢያ ዘርትሁን የምትባል ነርስ ነበረች። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ገጽ ደብዳቤ። የቤተሰብ ጤና ነርስነት ሁለተኛ ዲግሪ ልትማር ተፈትና አልፋለች። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒቱን ራሷ እንድታዝ የሚያበቃ ትምህርት ነው። ለጌጥ አልፈለገችውም። ክረምት ላይ አንዲት እናት ያመጣቻትን ሕፃን ሳል ነው ብላ ሽሮፕ ሰጥታ ሸኘቻት፤ በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ ሞተች። ለካ የልብ ሕመም ኖሯል። "ባውቅ ኖሮ! ባውቅ ኖሮ!" እያለች ስንት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ዩኒቨርሲቲው፦ "ምዝገባ ጥቅምት አስር ይዘጋል። ዘንድሮ ካልመጣሽ ፈተናሽ ይቃጠላል። ከመሥሪያ ቤትሽ የፈቃድ ደብዳቤ ይዘሽ ነይ" አላት።

"ይቺማ ምን አላት!" አለች፣ የዋህ።

ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ወደ አቶ ደምለው ገባች። ደምለው ጤና መኮንን ነው፤ ሕመምተኛ ማየት የእሱ ሥራ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው። የዚያን ቀን ተሳስቶ ቢሮው ተገኘ።

"ሲስተር፣ አንቺ ከሄድሽ ይህን ሁሉ ሕዝብ ማን ያየዋል? ምትክ አምጪ፣ ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ።"

ዩኒቨርሲቲው ያለ ደብዳቤ አልመዘግብም አለ፤ ደምለው ያለ ምትክ ደብዳቤ አልጽፍም አለ። ዘርትሁን ነጠላዋን አጣፍታ በሚኒባስ ወረዳ ሄደች።

የወረዳዋ የሰው ኃይል ባለሙያ ወይዘሮ ታንጉት ትባላለች። ቅን ሴት ናት፤ አዝና ሰማቻት፤ አዝናም መለሰቻት። "እቴዋ፣ ምትክ የምመድበው ክፍት የሥራ መደብ ሲኖር ነው። መደብሽ ላይ እኮ አንቺ ተቀምጠሻል። መደብ የሚከፍተው ደግሞ ዞን ነው።"

ዩኒቨርሲቲው ያለ ደብዳቤ አልመዘግብም አለ፤ ደምለው ያለ ምትክ ደብዳቤ አልጽፍም አለ፤ ወረዳ ያለ ክፍት መደብ ምትክ አልመድብም አለ። መስከረም አለቀ። ዘርትሁን አስፈቅዳ ዞን ወረደች።

በዞኑ ቢሮ አንድ መነጽራም ሰውዬ ነገሩን ሁሉ አስነገራት። ዩኒቨርሲቲው እንዲህ አለኝ፣ ደምለው እንዲህ አለኝ፣ ወረዳ እንዲህ አለኝ ብላ ስትጨርስ፣ ፈገግ አለ።

"ቀላል ነው። የለቀቅሽበትን ደብዳቤ ከኃላፊሽ አምጪና መደቡን እከፍተዋለሁ።"

"ጌታዬ፣ የምለምነው እኮ እሱን ደብዳቤ ነው!"

"እንግዲያው ሲሰጡሽ ነያ።"

አያችሁልኝ? ዩኒቨርሲቲው ያለ ደብዳቤ አልመዘግብም አለ፤ ደምለው ያለ ምትክ ደብዳቤ አልጽፍም አለ፤ ወረዳ ያለ ክፍት መደብ ምትክ አልመድብም አለ፤ ዞን ያለ ደብዳቤ መደብ አልከፍትም አለ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! ዘርትሁን በመመለሻው ሚኒባስ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

በማግሥቱ ሥራ ገባች። ደምለው ስብሰባ ሄዷል፤ ደጁ ላይ አርባ ሰው ተሰልፏል። አሁን የቀጨሞን አሠራር ልንገራችሁ። የምታክመው ዘርትሁን ናት። መዝገቡ ላይ "ያከመው ባለሙያ" በሚለው ቦታ የሚጻፈው ግን "ደምለው" ነው፤ የተፈቀደለት እሱ ነዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ እሷ አከመች፣ ስሙን ጻፈች። ያን ቀን ግን እልህ ያዛት። አርባውን ሰው አየችና አርባ ጊዜ "ዘርትሁን፣ ነርስ" ብላ ጻፈች።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪዎች ከዞን መጡ። መነጽራሙም አብሮ አለ። መዝገቡን ገልጦ ደነገጠ።

"ነርስ ናት እኮ! አንቺ፣ በምን ዕውቀትሽ ነው ይህን ሁሉ የምታክሚው?"

"በሌለኝ ዕውቀት ነው፣ ጌታዬ። ልማር ብዬ አይደል ደጅ የጠናሁት?"

"ደፋር! ከመደቧ ትነሳ!"

ይኸው ተፈታ። ዞን ተቆጣና መደቡን ከፈተ፤ መደቡ ሲከፈት ወረዳ ምትክ መደበ፤ ምትክ ሲመጣ ደምለው ብዕር አነሳ። "ያላቅሟ ስታክም ተባረረች" ብሎ እንዳይጽፍ፣ ስድስት ዓመት እንድታክም ማን ፈቀደላት የሚል ጥያቄ ይመጣል። መዝገቡ ደግሞ በስሙ ተሞልቷል። ስለዚህ "ለትምህርት በደስታ ለቀናታል" ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙንም ሁለት ጊዜ መታ። ስትለምን አንድ ወር የፈጀው በአንድ ረፋድ አለቀ።

ዘርትሁን ደብዳቤዋን ይዛ ስትወጣ ሰልፉ እንዳለ ነው። አዲሷ ነርስ በር ላይ ቆማ "ለእኔ አልተፈቀደም፤ አቶ ደምለው ከስብሰባ ሲመለሱ ኑ" እያለች ትመልሳለች። ደም ግፊት ያለባቸው አባ ገረመው ዘርትሁንን እጇን ያዟት።

"ልጄ፣ መድኃኒቴ አልቋል። ቀድሞም ሐኪም አልነበረን፤ አሁን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብን። ማን ሊያየኝ ነው?"

"እመለሳለሁ፣ አባቴ። ሁለት ዓመት ነው።"

"ሁለት ዓመት" አሉ አባ ገረመው፣ እጇንም ለቀቁ። በደብዳቤው የተደሰተችውን ያህል አፈረች፤ ቢሆንም ሄደች። ካልሄደችስ ምን ልታውቅላቸው ነው?

ጥቅምት አስር ቀን ዩኒቨርሲቲው ደረሰች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ማኅተሙን አይቶ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"እንዴት ያለ ደግ መሥሪያ ቤት ነው ያለሽ! 'በደስታ ለቀናታል' ብለው? ሌላው እኮ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለማግኘት ዓመት ይለምናል።"

ዘርትሁን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከኋላዋ ብዙ ሰው ቆሟል፣ ምዝገባው በአስራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።

"አዎ፣ ደጎች ናቸው" አለችና ቅጹን መሙላት ጀመረች።