ከአሸንዳው ኋላ ያልተቀባችው ቦታ

አንድ ቀለም ቀቢ ነበረ። ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ ጉልበቱን መሰላል የጨረሰው፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም በሳሙና የማይለቅ ሰው ነው። ደምሰው እሸቴ እንበለው።

ይህ ሰው በሕይወቱ የሚኮራበት አንድ ነገር ብቻ ነበረው። ምን መሰላችሁ? በከተማው መሀል፣ አደባባዩ ፊት ለፊት የቆመ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ። ያንን ሕንፃ የቀቡት አባቱ ናቸው። ሕዝቡ “ቢጫው ፎቅ” ይለዋል። የታክሲ ረዳቱ “ቢጫው ፎቅ ወራጅ አለ?” እያለ ይጮኻል፤ ቀጠሮ ያለው ሰው “ቢጫው ፎቅ ሥር ጠብቀኝ” ይላል። ደምሰው ይህን በሰማ ቁጥር የአባቱ ስም የተጠራ ይመስለዋል። ከተማ ሙሉ ሰው ሳያውቀው አባቱን ሲያነሣለት ይውላል። ይህ ለልጅ ቀላል ነገር ነው? አይደለም።

ሕንፃው ግን አርጅቷል። በረንዳው በቆርቆሮ ተዘግቷል፣ ፊቱ በማስታወቂያ ተሸፍኗል፣ በየመስኮቱ ዲሽ ተሰቅሏል። ቀለሙም ከተቀባ ሠላሳ ዓመት አልፎታልና ቢጫ ነው ለማለት ደግነት ይጠይቃል። በመጨረሻ ውሳኔ መጣ፤ ይህ ሕንፃ ቅርስ ነው፣ ወደ መጀመሪያ መልኩ ይመለስ ተባለ።

ወደ መጀመሪያ መልኩ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ ያለ ኮሚቴ ምን ሠርተን እናውቃለን? ሥራውን የምትመራው ትርሐስ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ “ቅርጹን ይኸው አገኘነው፤ ቀለሙን ግን ፎቶው አይነግረንም፣ ጥቁርና ነጭ ነው። የሚያውቅ አለ?” ብላ ጠየቀች።

አይ፣ ለካ ሁሉም ያውቃል! አንዱ ክሬም ነበር አለ። ሌላው “ኧረ ሲሠራ አረንጓዴ ነው፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ” ብሎ ተቆጣ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ሮዝ ነው ብለው ማሉ። ልብ በሉ፤ ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ መጀመሪያ ከተማ የገባበትን ቀን፣ መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየውን ነገር ነው የሚናገረው።

ደምሰው ተነሣ።

“የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ ቢጫ ነው!” አለ። “የቀባው አባቴ ነው። እኔ ዓይኔን ስከፍት ቢጫ ነበር። ቅልቅሉን ሳይቀር አውቀዋለሁ።”

አባቱን ጠርቶ የማለን ሰው ማን ይከራከራል? ቢጫ ተብሎ ተመዘገበ፣ የቀለሙም ሥራ ለደምሰው ተሰጠ። በዚያች ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ “የአባቴን ሕንፃ ቀብቼ እጄን እታጠባለሁ፤ ከዚህ በኋላ መሰላል አልወጣም” አላት። ለልጆቹ ደወለ። ለዘመድ ሁሉ ደወለ።

አሁን ስለ አባቱ ትንሽ ልንገራችሁ። ጋሽ እሸቴ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። መስኮት ሲቀቡ መስተዋቱ ላይ ጠብታ ቢያርፍ ምሳ የማይበሉ ዓይነት። ሲያረጁ ሳንባቸው እምቢ አለ፤ ሕንፃው ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀባ ሥራውን ለልጃቸው ለደምሰው ሰጥተው፣ እሳቸው ታች ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ኑርሁሴን ሱቅ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ነበር። ደምሰው ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከላይ ጀምሮ እየቀባ ወርዶ፣ ወርዶ፣ በመጨረሻ ሱቁ አጠገብ የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት አሸንዳ ጋ ደረሰ። ብሩሹን ከአሸንዳው ኋላ ሲሰድ አንዲት ቦታ አየ። መዳፍ የምታህል፣ አቧራና ጥላሸት የለበሰች፣ ከዚያ በፊት ቀለም ነክቷት የማያውቅ።

አባቴ ረስቷታል!

ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ያ ሁሉ ስም፣ እና ለስንት ዓመት እዚህች ጋ ሳይቀባ ትቶ ሄዷል። ደምሰው ለአባቱ አፈረ። ዞር ብሎ አያቸው፤ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ወደ እሱ ያያሉ። ብሩሹን ነከረ፣ ቦታዋን ድፍን አደረጋት፣ አለፈ። የአባቱን ጉድለት ሸፈነ። ለማንም አላወራም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ መጥፎ ልጅ ነው? እንዲህ ያለ ልጅ ስጠን ብለን የምንጸልይ አይደለንም እንዴ?

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። መወጣጫው ታሰረ። ትርሐስ ደምሰውን ጠርታ፣ “ጋሽ ደምሰው፣ ቀለም ከማዘዛችን በፊት ከሦስት ቦታ ላይ እስከ ግድግዳው ድረስ ልጠው ያሳዩኝ” አለችው።

“የምን መላጥ ነው? ነገርኳችሁ እኮ” አለ፣ ቅር ብሎት።

“አምናለሁ። ግን ለመዝገቡ ያስፈልገኛል።”

ላጠ። አሥረኛው ፎቅ ላይ ላጠ፤ አራት እጅ ተደራርቦ የተቀባ ቢጫ፣ ከሥሩ ኖራ። ስድስተኛው ፎቅ ላይ ላጠ፤ አራት እጅ ቢጫ፣ ከሥሩ ኖራ። ኖራ ደግሞ ቀቢ ሁሉ እንደሚያውቀው ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ የሚለቀለቅ ነው። ከኖራው ሥር አልፈለገም፤ ደስ አለው። ሦስተኛውን ከታች ላድርገው ብሎ ወረደ፤ ሠራተኞቹ አሮጌውን አሸንዳ ነቅለውት ስለነበር ቦታው ተመቸው። መፋቂያውን አሳረፈ።

ቀለሙ በአንድ ጊዜ ቅርፊት ሆኖ እጁ ላይ ወደቀ።

አንድ እጅ ብቻ። ኖራ የለም። ደምሰው ቅርፊቱን ገለበጠው፣ አገላብጦ አየው። ያችው ቦታ ናት፣ የራሱ ቀለም ነው። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከቀለሙ ሥር ያለው ተራ ሲሚንቶ አልነበረም። የድንጋይ ፍርፋሪ ነው፤ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቀላ ያለ፣ በልስኑ ውስጥ ተበትኖ፣ ላዩ እስኪለሰልስ ታሽቶ የወጣ። ጨርቅ አርሶ ጠረገው። አበራ። ይህን የሠራ ሰው ቀለም ይቀባበታል ብሎ አልሠራውም። ልጅ እንኳ ያየዋል።

ደምሰው ከወገቡ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

ጋሽ ኑርሁሴን ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ሰማንያን አልፈዋል፤ ሕንፃው ሲመረቅ ጀምሮ እዚያች ሱቅ ውስጥ አሉ። ኮሚቴው የከተማውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ፣ ሕንፃው እግር ሥር ተቀምጠው ሱሪ የሚያሳጥሩትን ሰው የጠየቀ የለም።

“አገኘሃት?” አሉት።

“ጋሽ ኑርሁሴን፣ ይህን ያውቁ ነበር?”

“ሳላውቅ? ሕንፃው ቀለም አልነበረውም። እንዲሁ እንደምታየው ነበር፤ ዝናብ ሲመታው ደግሞ አይጣል ነው ውበቱ። ኋላ ለበዓል መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ቢጫ ይሁን የሚል ትእዛዝ መጣ። አባትህን አመጧቸው። ‘ኑሬ፣ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይቀባዋል’ አሉኝ። ቀቡት። ያችን ግን ሆን ብለው ተዉአት። ‘አንድ ቀን፣ ከሥሩ ምን ነበረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ ለእሱ ትቀመጥ’ አሉኝ። በየጊዜው ሲቀቡም አልነኳትም።”

ደምሰው ቅርፊቱን እንደያዘ ተጠጋቸው። “እኔ ስቀባት እኮ እዚህ ነበሩ። አይተዋል?”

“አይተዋል።”

“ምን አሉ?”

“‘ልጄ ለእኔ አፍሮ ነው። አሁን ብነግረው ይሸማቀቃል፣ ሥራውን ይጨርስና እነግረዋለሁ’ አሉ። ከዚያ በዚያው ክረምት ሞት ቀደማቸው።”

“ታዲያ እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም? ኮሚቴ ፊት ቆሜ በአጥንታቸው ስምል?”

“ማን ጠራኝና? ወሬውን የሰማሁት ደግሞ ከማልህ በኋላ ነው። በሰው ፊት ላዋርድህ ነው የኔ ልጅ?”

አያችሁ? አባት ልጁ እንዳያፍር ዝም አለ። ልጅ አባቱ እንዳያፍር ዝም አለ። ሽማግሌው ሁለቱም እንዳያፍሩ ዝም አሉ። ክፉ ሰው በመካከላቸው የለም፤ ሕንፃው ግን እንደተሸፈነ ሌላ ሠላሳ ዓመት ቆመ።

አሁን ደምሰው ምን ያድርግ? ቀለሙ በባልዲ አጠገቡ አለ። ብሩሹ አለ። አንድ ጊዜ ማሳረፍ ነው። ጋሽ ኑርሁሴን እንደሆኑ አይናገሩም። ከተናገረ ግን መሐላው ሐሰት ሆኖ ይቀራል፤ ሕንፃው ቀቢ አያስፈልገውም፣ ሥራው የለም። “ቢጫው ፎቅ” የሚባል ነገርም አይኖርም፤ ታክሲው የአባቱን ስም አይጠራለትም። እናንተ ብትሆኑ? በችኮላ አትመልሱልኝ።

ደምሰው ብሩሹን አንሥቶ ያዘ። ያዘው፣ ያዘው፣ ከዚያ ጋሽ ኑርሁሴን ሱቅ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቆመ። “የመሰከርሁት ስህተት ነው” አለ። “ዓይኔን ስከፍት ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ። ግድግዳው ዓይኔን ሳልከፍት ነበረ።” ከአሸንዳው ኋላ ያገኘውንም፣ ማን እንደሸፈነውም ሳይደብቅ ተናገረ። አንዳንዱ ሳቀበት። አንዳንዱ “በሐሰት ምለህ ስታበቃ!” ብሎ ተቆጣ። “ሕዝቡ ቢጫውን ይወደዋል፣ እንዲሁ ቢጫ ይሁን” ያለም ነበረ። ትርሐስ ግን ወርዳ አየች፤ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ተመልሳ ወጣችና ቢጫ የሚለውን ከመዝገቡ ሰረዘች።

“ጋሽ ደምሰው፣ እንግዲህ ቀለም የለም” አለችው፣ ከብዷት። “መላጡን በማሽን የሚሠራ ድርጅት እንፈልጋለን።”

“ማሽን ድንጋዩን ይበላዋል” አለ። “ኖራው በውሃ ይርሳል፣ በእንጨት መፋቂያ ይወጣል። ከቀን ሠራተኞቹ ጋር አስገቡኝ።”

አርባ ዓመት ሲቀባ የኖረ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ሲልጥ ከረመ። መሰላል አልወጣም ያለው ጉልበት እንደገና ወጣ። የራሱን ቀለም ላጠ፣ የአባቱን ቀለም ላጠ፣ ሦስቱንም እጅ። የአባቱን እጅ ሲልጥ አልቅሷል፤ አልቅሶም ላጠ። ፎቅ በፎቅ ድንጋዩ ወጣ። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲመታው አደባባዩ ላይ ያለ ሰው ጃንጥላውን ዘቅዝቆ ቀና ብሎ አየ።

በመጨረሻው ቀን ትርሐስ ሥራውን ልትረከብ ከላይ ጀምራ እያየች ወረደች። ታች ስትደርስ ከአዲሱ አሸንዳ ኋላ ጎንበስ አለች። ከዚያችው ቦታ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቢጫ አለች።

“ጋሽ ደምሰው፣ ይችን ረስተዋታል” አለች።

“አልረሳኋትም” አለ ደምሰው።

ወገኖቼ፣ ወሬዬ ይህ ነው። አሁን ወደ እናንተ ልዙር፤ ከራሴም ልጀምር።

“ዓይኔን ስከፍት እንዲህ ነበር” ያላለ ከእኛ ማን አለ? በእኛ ቤት ቁጣ ነው ደንቡ፣ ዓይኔን ስከፍት እንዲህ ነበር። እኛና እነ እገሌ አንነጋገርም፣ ዓይኔን ስከፍት እንዲህ ነበር። እኔ ፈሪ ነኝ፣ እኔ የማልረባ ነኝ፣ ዓይኔን ስከፍት እንዲህ ነበርሁ። አዎ፣ ነበር። ግን እግዚአብሔር የሠራህ ዓይንህን ሳትከፍት ነው! ያ ቁጣ ቀለም ነው። ሰው ቀባው፤ ምናልባት የምትወደው ሰው፣ ምናልባት ታዝዞ፣ ምናልባት አንተው ራስህ ከአባትህ ተቀብለህ። ከሥሩ ያለውን የሠራው ግን ሌላ ነው። ያዙልኝ ያልኋችሁ ቃል ይህች ናት፣ ወደ መጀመሪያ መልክ መመለስ።

ንስሐ ስንላችሁ ሌላ ቀለም የምንደርብባችሁ መስሏችሁ ትሸሻላችሁ። አይደለም። ርሶ የሚላጥ ነገር ነው፣ ቀን የሚፈጅ ነገር ነው። ያስለቅሳል፤ ያንን አልደብቃችሁም።

ደግሞ በር ላይ የተቀመጠ፣ ማንም ያልጠየቀው ሽማግሌ በየቤታችሁ አለ። ይሉኝታ ይዞት ዝም ብሏል። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሂዱና ጠይቁት። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ “ልጄ ሥራውን ይጨርስና እነግረዋለሁ” የምትሉ ወላጆችም ካላችሁ፣ እባካችሁ ክረምቱን አትጠብቁ።

ስትልጡም ሁሉን ላጡ፤ ግን ከተሳሳታችሁባት ቦታ መዳፍ የምታህለውን ለልጆቻችሁ ተዉላቸው። አንድ ቀን ጎንበስ ብለው ያገኟታል። “አባዬ፣ እማዬ፣ ይችን ረስታችኋታል” ይሏችኋል።

ያን ጊዜ አትፈሩ። አልረሳናትም በሏቸው፤ ከዚያም አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ንገሯቸው።