ሦስት ገጀራ ይዘው ማር ቆረጣ የወረዱት

አንድ ጊዜ፣ አህያ ጅብን አምና አብራው መንገድ በወጣችበት ዘመን (እንዲህ ያለ ዘመን ነበር፤ አትሳቁ)፣ እመት አህያ የልጇ ሠርግ ደረሰባት። ያለቻት ልጅ አንዲት ብቻ ናት። ሠርገኛው ተጠርቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ጋኑ ታጥቧል፤ የጠጅ ማር ግን ከደጋው ጠፋ። ማር ያለው ቆላ ነው፤ ቆላ ደግሞ ለብቻ አይወረድም።

ስለዚህ ጓደኛ ፈለገች። የተገኙላት አያ ጅቦና ቀበሮ ናቸው። ጅብ ማር የሚባለውን ቃል ከሰማ ጀምሮ ምራቁን መያዝ አቅቶታል። ቀበሮም ማር ይወዳል፤ ከማሩ ይበልጥ የሚወደው ግን ከሌላው የበለጠ ማር መያዝን ነው።

ሦስቱም እንደ አገሩ ወግ አያ አንበሶ ፊት ቀርበው መሐላ ፈጸሙ።

«ስማ ጅቦ፣» አለ አንበሳ፣ «ሄዳችሁ እስክትመለሱ ድረስ ጥርስህ አህያን እንዳይነካ!»

«ኧረ ጌታዬ! እኔ? በጭራሽ!» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ከአህያ ዳሌ ላይ በግድ እየነቀለ።

«በሉ እንግዲህ፣ ደንቡን ታውቃላችሁ። ለአንድ መንገደኛ አንድ ስለት ነው፤ ሁለት የያዘ ሽፍታ ነው። ማሩ ዘንድ ስትደርሱ እያንዳንዳችሁ ስለታችሁን አንድ ጊዜ ታስገባላችሁ፣ አንድ ጊዜ ታወጣላችሁ። በዚያ መሃል የቆረጣችሁት ድርሻችሁ ነው። በሰላም ያግባችሁ።»

ይህ ደንብ የወጣው በጥንት ጊዜ ነው። ያኔ ማር የሚገኘው ከገደል ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር፣ ስለቱ የረዘመ ብዙ ይቆርጣል፣ ያጠረበት ጣቱን ልሶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ቆም ብሎ ያሰበበት የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የጣጣው ሁሉ መነሻ ይኸው ደንብ ነው።

በማግስቱ ስንቅ ሲያሰናዱ አያ ጅቦ ከአጎቱ የወረሰውን ገጀራ ይዞ ከች አለ። ገጀራው ከመርዘሙ የተነሳ ጫፉ መሬቱን እየጫረ ይከተለዋል።

«አያችሁልኝ? ይኼ አንድ ጊዜ ገብቶ ከወጣ እኮ ንቦቹ ራሳቸው አገር ለቀው ይሄዳሉ!»

ቀበሮ ይህን ሲሰማ ወደ አህያ ጠጋ አለ። ድምፁን እንደ ንስሐ አባት አለስልሶ፣

«እመት አህያ፣ ያቺን የጓዳ ካራሽን ብትይዢ ምን ይመስልሻል? ሩቅ መንገድ ነው። ጠፍር ይቋጠራል፣ እሾህ ይወጋል፣ የሚላጥ ነገር ይገኛል። ሁሉ ነገር በገጀራ አይሆንም እኮ» አላት።

ምክሩ እውነት ነበር። መካሪው ግን ቀበሮ ነው። እመት አህያ ረጃጅም ጆሮዎቿን ቀጥ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ልክ ነህ፣ ትንሽ ስለት ያስፈልጋል። ታዲያ አንተ ለምን ሰንጢህን አትይዝም? ተጣጥፋ አንገትህ ላይ ስትንጠለጠል ነው የማውቃት።»

«እኔማ ደስ ባለኝ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ዶልዱማብኛለች።»

«እኔም ካራዬ ዶልዱማብኛለች።»

«ምን ያነታርካችኋል?» አለ ጅብ። «ትንሽ የያዘ ትንሽ ይበላል። አለቀ! ሦስታችንም ገጀራ እንያዝ።»

ስለዚህ ቀበሮ ሰንጢውን ጎሬው ውስጥ ትቶ ገጀራ ተዋሰ። አህያም ካራዋን ጓዳ ሰቅላ ገጀራ ይዛ ወጣች። ልቧ ካራውን ያዢ ያዢ ይላታል። ግን የልጇ ሠርግ ነው፤ እፍኝ በማትሞላ ማር ጠጅ አይጣልም።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ሰመረ። ቁልቁለቱን እንደ ጨረሱ ሐረግና ቀጋ የተጠላለፈበት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ገጠማቸው። ሦስት ገጀራ በአንድ ላይ ሲያርፍበት ጫካው ወለል ብሎ ተከፈተ። ጅብ እየቆረጠ ያቅራራል፣ ቀበሮ ይቀበለዋል፣ አህያ ከኋላ ትስቃለች።

«በካራ ቢሆን ኖሮ እኮ የመጀመሪያው ቁጥቋጦ ላይ ከርመን ነበር!» አለ ጅብ። እውነቱን ነው። ጅብም አልፎ አልፎ እውነት ያመልጠዋል።

ቀትር ላይ በለስ የሞላበት መስክ ደረሱ። በለሱ በስሏል፣ ቢጫ ሆኗል፣ ያስጎመጃል። ነገር ግን በለስን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጣጩ ላይ ዓይን የማያያት ስስ እሾህ አለች፤ በትንሽ ቢላ ጫፉንና ጫፉን ቆርጠው፣ መሃሉን ሰንጥቀው፣ ቀስ ብለው ነው የሚገፉት። ቀበሮ በገጀራ ሞከረ። ግማሹ በለስ ተጨፈለቀ፣ ግማሹ ተስፈንጥሮ ገደል ገባ። አህያ ሣሩ ላይ በኮቴዋ እያንከባለለች፣ እሾሁን አራግፋ፣ ጥቂት ቀመሰች። አያ ጅቦ ግን የመንከባለልም የመላጥም ትዕግሥት የለውም።

«ልጣጩም ምግብ ነው!» ብሎ ከነእሾሁ ይሰለቅጠው ጀመር።

ትንሽ ቆይቶ ማላመጡን አቆመ።

«እመት አህያ…»

«ምን ሆንክ?»

«ምላሴ ፀጉር አበቀለች!»

ቀበሮ እሾሁን በገጀራው ጫፍ ልልቀምልህ ብሎ ገጀራውን ወደ አፉ ሲሰድ፣ ጅብ ጆሮውን ጥሎ ሸሸ። ማን ይሙት፣ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር። እሾሁ እዚያው ቀረ፤ አፉም አብጦ አልገጥም አለ።

እንዲህ ሆነው ሄዱ። ማር ያለበት ትልቁ ዋርካ ከሩቅ ሲታይ እመት አህያ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ልጇ ሙሽራ ሆና፣ ጠጁ ሲቀዳ፣ ሠርገኛው ሲያጨበጭብ እየታያት ከሁለቱ ቀድማ ሶምሶማ ስትል፣ አንገቷን አንዳች ነገር ለቀም አደረጋት። አዳኝ ለድኩላ ያጠመደው የጠፍር ሸምቀቆ ነበር። ሌላው ጫፉ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ታስሯል። ደንግጣ ወደ ኋላ ስትፈናጠር ጠበቀ። እንደገና ስትጎትት አነቃት።

«ዞር በሉ!» ብሎ ጅብ እየሮጠ ደረሰ። ገጀራውን አንስቶ ጠፍሩን ከቅርንጫፉ ጋር በአንድ ምት በጠሰው። «ይኸው! ገጀራ ማለት ይኼ ነው!»

አህያ ከዛፉ ተፈታች እንጂ ከሸምቀቆው አልተፈታችም። ጠፍሩ አንገቷ ላይ ተቆልፎ ከፀጉሯ ሥር ሰምጧል። በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ዓይኖቿ ፈጠጡ፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ቀጠነ።

ጅብ ገጀራውን እንደገና ከአንገቷ በላይ አነሳ።

«እመት አህያ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ተው!» ብሎ ቀበሮ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለ። «ከነአንገቷ ልትቆርጠው ነው?»

«ታዲያ በዚህ ገጀራ ሌላ እንዴት አድርጌ ልቁረጠው?»

ቀበሮ በጥርሱ ሞከረ። ግን የአህያ ተፈጥሮ ነው ነገሩ፤ ጥርስ አንገቷን በነካ ቁጥር ሳትፈልግ ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥር ሸምቀቆው ይጠብቃል። ጅብማ አፉ አልገጥም ብሎታል፣ መሐላውም አለበት።

«ካራዬ…» አለች አህያ በማይሰማ ድምፅ። «ሰንጢህ…»

ቀበሮ አንገቱን ደፋ። የራሱ ምክር ትዝ አለው። አንዲት ሰንጢ ብትኖር ኖሮ ጠፍሩ ሥር ገብታ አንዴ ሳብ ብታደርገው የሚያልቅ ነገር ነበር። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በብልጠቱ አፈረ። ከዚያም አንድ ሐሳብ መጣለት።

«አንዱን ገጀራ ድንጋይ ላይ እንስበረው። ከስባሪው ትንሽ ስለት አናጣም።»

«ጥሩ ብለሃል!» አለ ጅብ። ቀጥሎም ጠየቀ፤ «የማንን?»

ገጀራው የተሰበረበት ማር እንደማይቆርጥ ሁለቱም ያውቁታል።

«የእኔ የአጎቴ ቅርስ ነው» አለ ጅብ።

«የእኔ የሰው ዕቃ ነው» አለ ቀበሮ። እፍረቱ የቆየው ይህን ያህል ነው። «ለምን የራሷን አንሰብርም? አንገቱም የራሷ ነው።»

እነሱ ይህን ሲሉ እሷ ታንቃ ትሰማለች። ገጀራዋን አየችው። ገጀራው ድርሻዋ ነው፣ ድርሻዋ ደግሞ የልጇ ጠጅ ነው። እንባዋ ወረደ። ግን የሞተች እናትም ልጅ አትድርም፤ በጭንቅላቷ እሺ አለቻቸው።

ቀበሮ የእሷን ገጀራ ቋጥኝ ላይ አጋደመው፤ ጅብ ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ለቀቀበት። ገጀራው ተሰባብሮ ጣት የምታህል ስል ስባሪ ተገኘች። ቀበሮ አንዱን ጫፏን በዛፍ ልጥ ጠቅልሎ እጀታ አበጀላት፤ ስለቷን ወደ ውጭ አዙሮ በጠፍሩና በአንገቷ መካከል አሾለካትና ሳብ አደረገ። ጠፍሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

እመት አህያ አየር እስኪበቃት ተነፈሰች። ከዚያ ተነሥታ ሁለቱንም አመሰገነች። አህያ ናት፣ ምን ታድርግ።

ዋርካው ሥር ሲደርሱ ግን አዲስ ነገር ጠበቃቸው። ማሩ እንደ ጥንቱ በገደል ላይ አልተንጠለጠለም። ንቦቹ የገቡት ግንዱ ሆድ ውስጥ ነው፤ መግቢያውም የአህያ አፍ የምታክል ቀዳዳ ናት። ሦስቱ ደረቅ ቅጠል ሰብስበው አጨሱ፤ ንቦቹ ሲፈዙ አያ ጅቦ ማንንም ሳያስቀድም ገጀራውን ሰደደ።

ገጀራ ደግሞ መወዛወዣ ቦታ ይፈልጋል። ቀጥ ብሎ ገባ፣ ከወዲያኛው ግድግዳ ጋር ተላተመ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልዞር አለ። ጅብ ታግሎ ታግሎ ሲያወጣው ጫፉ ላይ ጠብታ ማር አለች። ሊልሳት ምላሱን አወጣ፤ ምላሱ ያለችበትን ሁኔታ ግን ረስቶት ነበር። ጩኸቱ ሸለቆውን ሞላው።

ቀበሮ በጥበብ አደርገዋለሁ ብሎ ገጀራውን አግድሞ፣ አጋድሞ፣ ገልብጦ ሞከረ። ሲያወጣው ቅርፊትና አንዲት የሞተች ንብ አገኘ።

እመት አህያ ስባሪዋን በጥርሷ ያዘች፤ አፏን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፤ ሳትቸኩል ሰፈፉን ከሥር ከሥሩ ዙሪያውን ቆረጠችው። ስለቷን ስታወጣ በውስጥ የነበረው ማር በሙሉ ተቆርጦ በቀዳዳው ወደ ውጭ ወድቋል። አንድ ጊዜ ገባች፣ አንድ ጊዜ ወጣች። በደንቡ መሠረት ማሩ ሁሉ የእሷ ሆነ።

«እመት አህያ፣» አለ ጅብ በታሰረ ምላስ፣ «አትጨክኚብንም አይደል?»

«ደንቡ ምን ይላል?»

እሷም ማሩን ጭና ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? አንገቷ ገና ይቆጠቁጣታል፤ «አንገቱም የራሷ ነው» የተባለው ቃል ከጠፍሩ ይልቅ ነው የከረከራት። ቢሆንም የመጣችበትን ጫካ አሰበች። ያን ሐረግ ጣት በምታህል ስባሪ ማን ይመነጥረዋል? ከዛፉስ የፈታት ያው የጅብ ገጀራ አይደለም?

«እሺ፣ እንካፈላለን» አለች። «በመጀመሪያ ግን የሚመጣውን ዓመት ጉዞ እንስማማ። ትንሿን ስለት ማን ይይዛል?»

«እኔ!» አለ ጅብ ከመሬት ዘሎ።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለ ቀበሮ። «ሰንጢዬን ገና ዛሬ እንደ ገባሁ ነው የምስላት!»

«ገጀራውንስ?»

ጅብ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ቀበሮ ጅራቱ ላይ ቁንጫ መፈለግ ጀመረ።

እመት አህያ ሁለቱንም አየቻቸውና ሳቀች። ያ የአህያ ሳቅ ሲጀምር የማይቆመው ነው። ስትጨርስ ኮስተር ብላ የፊት እግሯን ማሩ ላይ አኖረች።

«እንግዲያው ስሙኝ። ገጀራ የያዘም፣ ሰንጢ የያዘም፣ ድርሻው እኩል ነው። አንበሳንም እኔው እነግረዋለሁ። በዚህ ካልተስማማችሁ ማሩን ጭኜ መሄዴ ነው።»

ምን አማራጭ አላቸው? ተስማሙ። ድርሻው እኩል መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ስለት መምረጡ ጊዜ አልፈጀም። ክንደ ብርቱው ጅብ ገጀራውን እኔ እይዛለሁ አለ። ጣቱ ቀጭን የሆነው ቀበሮ ሰንጢውን ወሰደ። አህያም የጭነት ጠፍር የሚበዛው በእሷ ላይ ነውና የጓዳ ካራዋን መረጠች።

ማሩን ሦስት ቦታ ከፍለው ጉዞ ሲጀምሩ አያ ጅቦ ድንገት ቆም አለና፣

«ቆይ፣ ይህንን ከቤት ሳንወጣ ለምን አልተነጋገርነውም?» ሲል ጠየቀ።

ሁለቱም ማራቸውን ተሸክመው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ የምንማረው አብረው መንገድ የሚወጡ ሰዎች አስቀድመው ድርሻቸውን እኩል ካላደረጉ፣ ሁሉም ለድርሻው የሚበጀውን ስለት ብቻ እንደሚይዝና ለመንገዱ የሚያስፈልገው ስለት ከቤት እንደሚቀር ነው።